«የለም» ይላል ሲስተሙ

አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ሲስተም ላሠራ ብሎ ሲነሣ ስብሰባው በምን በምን እንደሚያልቅ የደረሰበት ያውቀዋል። ብሩ ስንት ዴሲማል ይኑረው፣ ቀኑ በእኛ ይሁን በፈረንጅ፣ የስልኩ ዜሮ ይግባ ወይስ ይቅር እየተባለ ግማሽ ቀን ይሄዳል። የጽሑፉ ተራ ሲደርስ ግን ሁሉም ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ ያደርጋል። «እሱ እንኳ ጽሑፍ ነው፤ ቫርቻር 255 በለው» ይላል አንዱ። የሚቃወም የለም፤ ቃለ ጉባኤም አይያዝበትም። ሰው ስሙን፣ አቤቱታውን፣ ውሉን፣ የተፈረደለትንና የተፈረደበትን የሚያስቀምጥበት ኮለም በግማሽ ዓረፍተ ነገር ተወስኖ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ስንፈልግ እንኖራለን።

እስቲ ይህ 255 የሚሉት ቁጥር ምን ውለታ ውሎልን ነው እንዲህ የሙጥኝ ያልነው? ታሪኩ አጭር ነው። በአንድ ባይት ሊመዘገብ የሚችለው ትልቁ ርዝመት 255 ስለሆነ፣ ማይኤስኪውኤል ከ5.0.3 በፊት በነበሩት ዕትሞቹ ቫርቻርን ከዚያ አያሳልፍም ነበር። ገደቡ ከተነሣ ስንት ዘመኑ። ፖስትግሬስማ ገደብ ያለው ቫርቻርና ገደብ የሌለው ቴክስት በፍጥነት አይለያዩም ብሎ በራሱ መመሪያ ላይ ጽፎ አስቀምጧል፤ አንባቢ ጠፋ እንጂ። እኛ አሁንም የደብዳቤውን «ጉዳዩ» 255 ላይ እንቆርጠዋለን። የድሮው ማይኤስኪውኤል ደግሞ ጥብቅ ደንቡ ካልተከፈተለት የተረፈውን ቆርጦ ይጥልና ማስጠንቀቂያ ብቻ ጣል አድርጎ ያልፋል። ማስጠንቀቂያውን ማን አይቶት! በተጣለው ጭራ ውስጥ የነበረው ቃል ቢፈለግ ቢፈለግ አይገኝም፤ ኢንዴክሱ የሚያውቀው የተቀመጠውን ነው፣ ባለጉዳዩ የጻፈውን ከየት አምጥቶ?

ርዝመቱ በፊደል ሳይሆን በባይት ሲቆጠር ደግሞ ጉዱ ይብሳል። የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይበላል፣ የእንግሊዝኛው አንድ። ኦራክል ላይ «ቫርቻር 2፣ ሃምሳ» ብለው ሲጽፉ፣ ካልተነገረው በቀር የሚቆጥረው ባይት ነው። ለፈረንጁ ሃምሳ ፊደል ሲሆን ለእኛ ዐሥራ ስድስት። «ወልደጊዮርጊስ ገብረማርያም ተክለሃይማኖት» የሚባሉ አባት ይምጡ እንበል። ሃያ ሦስት ፊደል በሦስት ሲባዛ 69፣ ሁለቱ ክፍት ቦታዎች ሲጨመሩ 71 ባይት። ሃምሳው የሚበቃው እስከ «ወልደጊዮርጊስ ገብረማርያም ተ» ድረስ ነው። ኦራክል ይህን ቆርጦ አያስገባም፣ አልቀበልም ብሎ ይመልሰዋል። ጸሐፊዋም ምን ታድርግ፣ ወረፋው በር ድረስ ተሰልፏል፤ «ወ/ጊዮርጊስ ገ/ማርያም ተ/ሃይ» ብላ ታሳጥረዋለች። ገባ። ልጃቸው በሌላ ቀን መጥቶ «ወልደጊዮርጊስ» ብሎ ቢፈልግ የለም። በማይኤስኪውኤል ሰርች «ወ/ጊዮርጊስ» ተብሎ ቢፈለግ ደግሞ ጭረቷ ቃሉን ለሁለት ትከፍለዋለች፤ «ወ» አጭር ናት ተብላ ትጣላለች፣ «ጊዮርጊስ» ብቻ ይቀራል። ወ/ጊዮርጊስም፣ ገ/ጊዮርጊስም፣ ኃ/ጊዮርጊስም በአንድ ረድፍ ተሰልፈው ይመጣሉ። የሚፈለጉትን አባት እንግዲህ ከዚያ ውስጥ ምረጡ።

ይህም እንኳ ደግ ነው፤ ቢያንስ ፊደሉ አለ። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ በተራ ቫርቻር የተሠራውን ያየ ግን ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። ተራው ቫርቻር ከኮድ ገጽ ጋር የታሰረ ነው፣ ለእኛ ፊደል የተሠራ የኮድ ገጽ ደግሞ የለም። የዩቲኤፍ-8 ኮሌሽን የመጣው በ2019 ዕትሙ ነው። ስለዚህ «ሰላም» ብለው ያስገቡት ሦስት የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀመጣል። ኤንቫርቻር አድርገነዋል ብለው የሚኮሩትም ቢሆኑ ገና አላመለጡም። ጽሑፉን ከሚከፍተው ነጠላ ጥቅስ በፊት ያቺን አንድ ኤን ካልጻፉ፣ ቃሉ ኮለሙ ጋ ከመድረሱ በፊት መንገድ ላይ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ያርፈዋል። በጣም የሚያበሽቀው ደግሞ መልሶ የሚያነሣው ነገር አለመኖሩ ነው። የተበላሸ ፎንት ይጠገናል፤ የጥያቄ ምልክት ግን ምን እንደነበረ ራሱም አያውቅም። ስንቱ መዝገብ ነው «???? ????» ተብሎ በክብር ባክአፕ እየተደረገ የሚኖረው!

ማይኤስኪውኤልም ከጥንት የመጣ የራሱ ጣጣ አለው። ስሪቱ ስዊድን ነውና፣ እስከ 5.7 ድረስ ምንም ካልተነገረው የሚከፍተው ላቲን 1 ነበር፤ ቃል የሚደረድረውም በስዊድኖች ሥርዓት። የአዲስ አበባ የቀበሌ መዝገብ በስዊድን የፊደል ተራ ሲደረደር ኖሯል ቢባል ማን ያምናል? «አይ፣ እኛ ዩቲኤፍ-8 ብለናል» የሚሉም አሉ። በማይኤስኪውኤል «ዩቲኤፍ-8» ተብሎ ሲጠራ የኖረው ግን ከሦስት ባይት በላይ የማይዝ ጎደሎ ነው። ሙሉው «ኤምቢ4» የሚል ቅጽል ተለጥፎለት እ.ኤ.አ. በ2010 መጣ፤ ካልተነገረው የሚመርጠው መሆን የቻለው በ8.0 ዕትም፣ በ2018 ነው። «ለአማርኛ ሦስት ባይት ከበቃ ምን አጨቃጨቀን?» ማለት ይቻላል። ለአማርኛ ይበቃል። ለጉራጌኛ ተብለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኒኮድ 14 የገቡት አዲሶቹ ፊደላት ግን አራት ባይት ናቸው። በዚያ ጎደሎ ኮለም ጉራጌኛውን በአዲሱ ፊደል የጻፈ ሰው ወይ ስሕተት ተብሎ ይመለሳል፣ ወይ ጽሑፉ ይጎድልበታል። ለራስ ቋንቋ በቃ ብሎ ለጎረቤት መንፈግ እዚህም አለ።

ከዚያ በፊት የነበረውን ዘመንስ ማን ያንሣው? ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 ዕትም ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፎንቶች ተጽፏል። እነዚያ ፎንቶች የላቲኑን ኮድ የግዕዝ ልብስ አልብሰው የሚያሳዩ ናቸው። ስክሪኑ ላይ «ውሳኔ» ይላል፤ ኮለሙ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ፊደላትና የምልክት ክምር ነው። ፎንቱን ያነሣ ዕለት እርቃኑን ይቀራል። ዛሬ በስልኩ አማርኛ ጽፎ የሚፈልግ ሰው እዚያ ውስጥ ቢርመጠመጥ አንድ ቃል አያገኝም። ወደ ዩኒኮድ ይገልበጥ ሲባል ደግሞ «ዳታው እኮ ይነበባል፣ ምን ሆነ?» የሚል ኃላፊ አይጠፋም። ይነበባል፤ አይፈለግም እንጂ።

አሁን ሁሉም ተስተካከለ እንበል። ዩኒኮድ ሆነ፣ ሰፋ፣ ገባ። ሰርቹ ይጀምራል፤ እሮሮውም እንደ አዲስ።

አብዛኛው ሲስተም ሰርች የሚለው «ላይክ»ን ነው። ቃሉን በሁለት ፐርሰንት አጅቦ፣ ቴብሉን ከላይ እስከ ታች ያስሳል። ፐርሰንቱ ከፊት ከገባ ተራው ኢንዴክስ አይረዳም፤ መዝገቡ በበዛ ቁጥር ባለጉዳዩ ቆሞ ይጠብቃል። «በፉል ቴክስት እናድርገው» የሚል አንድ የተማረ ሰው ተነሥቶ ሲናገር ደግሞ ኮለሙ ያልሆነ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። ማይኤስኪውኤል የፉል ቴክስት ኢንዴክስ የሚሠራው በቻር፣ በቫርቻርና በቴክስት ላይ ብቻ ነው። ሁሉን ነገር ጄሶን ውስጥ ጠቅጥቆ «ተለማጭ ዲዛይን ነው» ያለው ባለሙያ ያን ዕለት ፊቱን ያዞራል። ደብዳቤውን ስካን አድርጎ በብሎብ ያስቀመጠውማ ያስቀመጠው ፎቶ ነው። ፎቶ ውስጥ ቃል የሚፈልግ ኢንዴክስ የለም፤ መጀመሪያ ጽሑፉን አውጥቶ ሌላ ኮለም ውስጥ ማስፈር ነበረበት። ዲጂታል ሆነናል ተብሎ ሪባን የተቆረጠለት መዝገብ ቤት ስንቱ እንዲህ ነው!

ኮለሙ ቴክስት ሆኖ ቢገኝስ? አንድ የሕግ ሰነዶች ማኅደር እናስብ፤ ተጠቃሚው «ሕግ» ብሎ ይጽፋል። ከዚህ የሚቀል ጥያቄ አለ? ማይኤስኪውኤል ግን አጭር ቃል አይወድም። በድሮው የማከማቻ ሞተሩ፣ በማይኢሳም፣ ከአራት ፊደል በታች፣ በአዲሱ፣ በኢኖዲቢ፣ ከሦስት ፊደል በታች የሆነ ቃል፣ ካልተነገረው በቀር፣ ኢንዴክስ ውስጥ አይገባም። ይህ ደንብ የወጣው ለእንግሊዝኛ ነው፤ በእነሱ ሁለት ፊደል ያለው ቃል ብዙውን ጊዜ ማያያዣ ነው። በእኛ አንዱ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም አዝሎ ስለሚሄድ ሁለት ፊደል ሙሉ ሰው ነው፦ ሕግ፣ ዳኛ፣ ቤት፣ ልጅ፣ ስም፣ ውል፣ ዕዳ። አንድ ፍርድ ቤት ከእነዚህ ውጪ ስለ ምን ይከራከራል? ስለዚህ የሕግ ማኅደሩ «ሕግ» የሚባል ነገር አላውቅም ይላል። ማይኢሳም ላይ ሌላም ሕመም አለ፤ ከመዝገቡ ግማሽ በላይ የሚገኝ ቃል ተራ ነው ተብሎ በተለመደው ፍለጋ መልስ አይሰጠውም። ሁሉም ሰነድ «የኢትዮጵያ» ብሎ በሚጀምርበት ማኅደር «የኢትዮጵያ» ብሎ መፈለግ ትርፉ ባዶ ገጽ ነው። ትንሹን የፊደል ቁጥር ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ሰርቨሩን አጥፍቶ ማስነሣት፣ ኢንዴክሱንም እንደ አዲስ መሥራት ግን ይጠይቃል። ይህን በሥራ ሰዓት ሞክሩና ምን እንደሚባል እናንተም ታውቁታላችሁ፦ «ሲስተም የለም፣ ነገ ይመለሱ።»

ሁለት ፊደሉም ተፈቀደ እንበል። «ሕግ» ተብሎ ሲፈለግ ምን ይመጣል? «ሕግ»፣ ብቻውን የቆመው። ኮከብ ቢታከልለት «ሕግን» እና «ሕግና» ይጨመራሉ። «ሕጉ» አይመጣም። «ሕጎች» አይመጣም። «ሕጋዊ» አይመጣም። «ሕገ መንግሥት»፣ የሕግ ሁሉ የበላዩ፣ እሱም አይመጣም። ምክንያቱም «ግ» ሄዳ «ጉ»፣ «ጎ»፣ «ጋ»፣ «ገ» ሆናለች፤ ለማሽኑ እነዚህ አምስቱ ዘመድ አይደሉም። እንግሊዝኛው አብዛኛውን ጊዜ በቃሉ መጨረሻ ላይ ይቀጥላል እንጂ የቃሉን የመጨረሻ ፊደል አይለውጥም፤ ስለዚህ በኮከብ ይድናል። እኛ አንድንም። በፊት በኩል ደግሞ «በሕጉ»፣ «ለሕጉ»፣ «ስለሕጉ»፣ «እንደሕጉ» አለ። «ቃሉን ቆራርጠን እንፈልጋለን» የሚሉም አሉ፤ ማይኤስኪውኤል ሁለት ሁለት ፊደል የሚቆርጥ ኤንግራም፣ ፖስትግሬስ ሦስት ሦስት የሚቆርጥ ትራይግራም አላቸው። «በሕጉ»ን ሁለት ሁለት ስትቆርጡት «በሕ» እና «ሕጉ» ይወጣል። «ሕግ» የትም የለችም። ሦስት ሦስቱም ቢሆን ከ«ሕግ» ጋር የሚጋራው አንድ ቁራጭ አይገኝም። ለቻይንኛ መድኃኒት የሆነው ለእኛ ውሃ ነው።

ይህን ሁሉ አልፎ የሚመጣው ደግሞ የሞክሼው ነገር ነው። «ዓለምፀሐይ» የምትባል እኅት ስሟን ብትጽፍ፣ መጀመሪያዋ አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ ሊሆን ይችላል፣ አራት። ጸ ወይም ፀ፣ ሁለት። ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ፣ ስድስት። አራት በሁለት በስድስት አርባ ስምንት ነው። «ዓለም ፀሐይ» ብሎ ለይቶ የሚጽፈው ሲጨመር ዘጠና ስድስት። ሁሉም ሲነበብ አንድ ነው፤ ለኮለሙ ግን ዘጠና ስድስት ሴቶች ናቸው። መታወቂያው ላይ በአንዱ፣ የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ በሌላው፣ ፓስፖርቱ ላይ በላቲን። በመስኮቱ በኩል «ስምዎ የለም» ይባላል። «ኧረ ባለፈው ሳምንት እዚሁ ነው የተመዘገብኩት!» «እኔ ምን ላድርግዎ፣ ሲስተሙ የለም ይላል።» ሠራተኛዋም አልዋሸችም።

መፍትሔው ጠፍቶ ቢሆን እናማርራለን እንጂ አንናደድም ነበር። መፍትሔው አለ፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። ባለጉዳዩ የጻፈው እንዳለ፣ ሳይነካ፣ በአንድ ኮለም ይቀመጥ፤ ስሙ የእሱ ነው። ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሌላ ኮለም ይሠራ፤ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ «ወ/» ወደ «ወልደ» ተመልሶ። ፖስትግሬስ ለዚህ ቲኤስቬክተር የሚባል ለፍለጋ ብቻ የተሠራ ዓይነት አለው፤ ከ12ኛው ዕትም ወዲህ ኮለሙ ከዋናው ጽሑፍ ራሱ እንዲሰላ ማድረግ ይቻላል፣ ላዩ ላይ የጂን ኢንዴክስ ማድረግ ነው። ሞክሼውን የሚተካ ሠንጠረዥ በአንአክሰንት በኩል ማስገባትም ይቻላል። የሕጉን ጣጣ ለማቅለል ደግሞ ፊደሉን ሁሉ ወደ ሳድስ አውርዶ በሦስተኛ ኮለም ማስቀመጥ አለ፤ «በሕጉ» «ብህግ» ይሆናል፣ «ህግ»ም ውስጡ ትገኛለች። ዋጋ የለውም አይባልም። «ብር» ብሎ የፈለገ «በር»ም ይመጣበታል። ግን ትርፍ የመጣውን መጣል ይሻላል ወይስ ያለውን «የለም» መባል?

እሱም ቢሆን ልክ አለው። አንድ ቲኤስቬክተር ከአንድ ሜጋባይት አይበልጥም፤ የቃሉንም ቦታ ከ16,383 በላይ መቁጠር ያቆማል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ቃል ሁሉ በአንድ ቁጥር ላይ ይከመራል። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ 3,367ቱን አንቀጽ፣ በአንድ ሴል ውስጥ የጨመረ ሰው ሐረግ ቢፈልግ የሚያገኘውን ያገኛል። በማይኤስኪውኤል ቴክስት ከሆነማ 65,535 ባይት ነው፣ ለእኛ ሃያ አንድ ሺህ ምናምን ፊደል፤ ሕጉ ገና ስለ ሰው መብት ሲያወራ ያልቃል። አንቀጽ በአንቀጽ፣ በየረድፉ ማስቀመጥ ነበረበት። ይህን መጀመሪያ ማሰብ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ሚሊዮን ረድፍ ከገባ በኋላ ኮለም መቀየር ግን ሌሊት ተጠብቆ፣ ቴብሉ ተቆልፎ፣ ኃላፊው በየሰዓቱ እየደወለ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ጋ አፍሳሹ ሌላ፣ ለቃሚው ሌላ ነው። አፍሳሹ ክፍያውን ተቀብሎ ሌላ ጨረታ ላይ ነው።

የዳታቤዝ ሠሪዎቹንም አንምራቸውም። ፖስትግሬስ ለባስክኛ፣ ለይዲሽ፣ ለአይሪሽ የቃል ሥር ማውጫ አስገብቷል፤ ይበልላቸው፣ አንመቀኝም። ለአማርኛ የለም። ማይክል ጋሰር የሠራው ሆርንሞርፎ የአማርኛን፣ የትግርኛንና የኦሮምኛን ቃል ይፈታል፤ ከዳታቤዙ ውጭ ቆሞ ነው እንጂ። እዚያና እዚህ የሚያገናኝ ሰው፣ በጀት የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። በጀቱ ግን ሁልጊዜ ለአዲስ ዳሽቦርድ ነው፤ ባለ ቀለም ክቡ ግራፍ ለጎብኚ ይታያል፣ የቲኤስቬክተር ኮለም አይታይም።

ከሁሉም የሚያቃጥለው መጨረሻው ነው። ሲስተሙ ሰውየውን ማግኘት ሲያቅተው ሰውየው ይታዘዛል፦ «አጻጻፍዎን አስተካክለው ይምጡ።» እናቱ ያወጣችለትን ስም በአባቱ ፀ ይዞ የኖረ ሰው በጸ አስለውጦ፣ ቴምብር ገዝቶ፣ ተሰልፎ ይመጣል። ለአንድ ኮለም ሲባል። ኮለሙን ግን አስተካክለህ ና ያለው ሰው የለም።

ስለዚህ የቀረችን መሣሪያ አንዲት ናት፣ ርክክብ። ሲስተሙን ልትረከቡ የተቀመጣችሁ ሰዎች፣ ስላይዱን ተዉትና ኪቦርዱን ያዙ። «ሕግ» ብላችሁ ጻፉ፤ «በሕጉ» እና «ሕገ መንግሥት» ይምጡ። «አለምጸሃይ» ብላችሁ ጻፉ፤ ዓለምፀሐይ ትምጣ። «ወልደጊዮርጊስ» ብላችሁ ጻፉ፤ ወ/ጊዮርጊስ ይምጣ። ከመጡ ማኅተሙን ምቱ። ሲስተሙ «የለም» ካላችሁ ግን እናንተም ፊርማ የለም በሉት።